ምስክሩ እውነተኛ ነው፤ ልኬቱስ?

ሌሊት ሰማይ ላይ ተሰልፎ የሚሄድ ብርሃን በስልክ ይቀረጻል፤ ጠዋት ላይ በቴሌግራም ግሩፖቻችን ይደርሰናል። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። አንዱ «ጂን ነው» ይላል፤ ሌላው «የቂያማ ምልክት ነው» ይላል፤ ሦስተኛው «የአሜሪካ ድብቅ መሣሪያ ነው» ይላል፤ አራተኛው ቪዲዮውን የላከውን ልጅ ውሸታም ያደርገዋል። ብዙውን ጊዜ እነዚህ ብርሃኖች ስታርሊንክ የሚባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ናቸው፤ በአንድ ሮኬት አብረው ከመጠቁ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ተከታትለው ሲጓዙ ክር ላይ የተሰካ ዶቃ ይመስላሉ። እኛ ግን ይህን ሳናጣራ በላኪው ላይ ፈርደን እንጨርሳለን። ወይ አምነነው ለሌላ አስተላልፈናል፣ ወይ ስቀንበታል።

«አየሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ቃሉ እንዴት ነው የሚመረመረው? ይህን ጥያቄ የአሜሪካ ጦር ከ20 ዓመት በላይ ይዞት ቆይቷል። በዚህ ጽሑፍ የምናየው ነገሩ የተጀመረበትን ጉዳይ ነው፤ አንድ ሲቪል አየሁ ያለውን ነገር ጦሩ እንዴት እንደመረመረው፣ የት ላይ እንደቀናውና የት ላይ እንደሳተ። ስለ ሌላ ዓለም ፍጡራን ለማንበብ የመጣ ካለ ቅር ሊለው ይችላል፤ የኛ ትኩረት ምርመራው ላይ ነው።

ኬኔት አርኖልድ የ32 ዓመት ነጋዴ ነበር። አይዳሆ ግዛት ውስጥ ቦይዚ ከተማ እየኖረ የእሳት ማጥፊያ ዕቃ ይሸጥ ነበር። ደንበኞቹ በሰፊ ተራራማ አገር ተበታትነው ስለሚኖሩ በራሱ አነስተኛ አውሮፕላን ነበር የሚዘዋወረው። እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 1947 በዋሽንግተን ግዛት ከቼሃሊስ ወደ ያኪማ ሲበር መንገዱን ትንሽ አጠፈ። ሬይኒር በሚባለው ተራራ አካባቢ አንድ የማሪን ወታደሮች ማመላለሻ አውሮፕላን ወድቆ ጠፍቶ ነበር፤ ላገኘው ሰው 5,000 ዶላር ወሮታ ተነግሯል። አርኖልድም እግረ መንገዱን ዕድሉን ሊሞክር ፈለገ።

ቀኑ ጥርት ያለ ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ሳለ፣ አንድ ብልጭታ አውሮፕላኑ ላይ አረፈ። ሌላ አውሮፕላን ተጠግቶት መስሎት ደንግጦ ዙሪያውን ሲያይ ከኋላው በስተግራ ርቆ ከሚበር አንድ ዲሲ-4 የመንገደኞች አውሮፕላን በቀር ምንም አልነበረም። ከዚያ በስተሰሜን ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች በሰልፍ ወደ ደቡብ ሲነጉዱ አየ።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ነው ጉዳዩን ከተራ ወሬ የለየው። መጀመሪያ ዝይዎች መሰሉት፤ ከፍታቸውና ፍጥነታቸው አልገጠመለትም። ቀጥሎ አዲስ የጄት አውሮፕላኖች መሰሉት፤ ጅራት ፈልጎ አጣ። የመስኮቱ መስተዋት ነጸብራቅ እንዳይሆን መስኮቱን ከፍቶ አየ። አብሮት የነበረን ትንሽ የብረት መፍቻ በዓይኑ ፊት ይዞ የነዚያን ስፋት ከዲሲ-4ቱ ሞተሮች ርቀት ጋር አመሳከረ። በፊቱ ባለው ሰዓትም ሰልፉ ከሬይኒር ተራራ እስከ አዳምስ ተራራ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ለካ፤ 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ሆነ።

በሁለቱ ተራሮች መካከል 75 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። በ102 ሰከንድ ስናካፍለው በሰዓት ከ2,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይመጣል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት፣ ከዚያ አምስት ቀን ቀደም ብሎ አንድ የአሜሪካ ጦር ጄት የዓለምን የፍጥነት ክብረ ወሰን ሲሰብር የበረረው በሰዓት 1,004 ኪሎ ሜትር ነበር። ቸክ ዬገር ቀጥ ባለ በረራ የድምፅን ፍጥነት ያለፈው ገና በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። አርኖልድ ራሱ ቁጥሩ አስደንግጦት ለጥንቃቄ ብሎ ወደ 1,900 ገደማ ዝቅ አደረገው። ወሬውን ማሞቅ የሚፈልግ ሰው ቁጥር ሲቀንስ አላየንም።

በማግስቱ ፔንድልተን በምትባል የኦሪገን ከተማ ለአካባቢው ጋዜጠኞች ያየውን ነገራቸው። እንቅስቃሴያቸውን ሲገልጽ፣ ውኃ ላይ ሲወረውሩት እየነጠረ እንደሚሄድ ሳህን ነው አለ። ቅርጻቸውን ግን ሳህን ነው አላለም፤ በኋላ ለጦሩ የሳለው ሥዕል ፊቱ ክብ፣ ኋላው ሾጠጥ ያለ፣ የጫማ ተረከዝ የሚመስል ነገር ነው። ጋዜጦች ሲቀባበሉት የእንቅስቃሴው ምሳሌ ወደ ቅርጽ ተለወጠና «በራሪ ሳህን» የሚል ስም ወጣ። በቀጣዮቹ ሳምንታት በመላ አሜሪካ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አየን ሲሉ፣ ብዙዎቹ አየን ያሉት ሳህን ነበር! የመጀመሪያው ሰው ያላለውን ቃል ነው የተቀሩት ያዩት። ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ አንድ ቃል ሲለወጥ ከሥር ያለው ሁሉ እንዴት እንደሚለወጥ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም።

ጦሩ ለምን ገባበት? ጊዜው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ሁለት ዓመት የሞላው፣ ከሶቪየት ኅብረት ጋር መፋጠጥ የተጀመረበት ነው። የጀርመን መሐንዲሶች በጦርነቱ መጨረሻ ጅራት የሌላቸው፣ ሁለመናቸው ክንፍ የሆኑ አውሮፕላኖችን ሞክረው ነበር፤ ሶቪየቶች ያንን ዕውቀት ወስደው ይሆን የሚል ስጋት ነበር። ስለዚህ ለጦሩ ጥያቄው «ይህ ነገር ምንድን ነው?» ሳይሆን «የማን ነው?» የሚል ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ በኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ግን ከዚህ ነው የሚመዘዘው።

ጁላይ 12 ቀን ሁለት የስለላ መኮንኖች፣ ሻምበል ዊልያም ዴቪድሰንና መቶ አለቃ ፍራንክ ብራውን፣ ካሊፎርኒያ ካለው የሃሚልተን የአየር ጣቢያ ተነሥተው ቦይዚ ድረስ መጡና አርኖልድን አነጋገሩት። የጻፉት ሪፖርት ዛሬ በይፋ የሚገኝ ነው። ስለ ሰውየው ጠባይ፣ ስለ ኑሮውና በአካባቢው ስላለው ስም ይናገራል። መደምደሚያቸው፣ ሰውየው አየሁ ያለውን በእርግጥ አይቷል የሚል ነው፤ ይህን ሁሉ ሳያይ ከፈጠረው የተሰማራበት ሥራ አይደለም ሥራው፣ ልብ ወለድ መጻፍ ነበረበት ሲሉም ቀለድ አድርገዋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። መኮንኖቹ ጥሩ ሥራ ሠርተዋል፤ ሰውን ፊት ለፊት አግኝተው፣ አዳምጠው፣ በአክብሮት መዝግበዋል። ነገር ግን የመለሱት አንዱን ጥያቄ ብቻ ነው። መድረሳ የተቀመጥን ሰዎች ልዩነቱ አይጠፋንም። የሐዲስ ዑለማዎች አንድን ዘጋቢ ሲመዝኑ ዐዳላውን ለብቻ፣ ደብጡን ለብቻ ያያሉ፤ ሰውየው እውነተኛና አላህን ፈሪ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ የሰማውን በትክክል መያዙ ሌላ ነገር ነው። በዲኑ የተመሰገነ ሆኖ በአያያዙ ደካማነት ዘገባው ያልተወሰደለት ሰው ብዙ ነው፤ ማንም ግን ውሸታም አላለውም። የአርኖልድ ዐዳላ ተመረመረና አለፈ። ደብጡን ያኔ የጠየቀ የለም።

የሁለቱ መኮንኖች መጨረሻ ያሳዝናል። በጁላይ መጨረሻ ላይ አርኖልድ በአንድ የመጽሔት አዘጋጅ ገንዘብ ተልኮ በታኮማ ከተማ አቅራቢያ፣ ሞሪ ደሴት ላይ የሚነገር ሌላ ወሬ ሊያጣራ ሄደ። ሁለት ሰዎች በራሪ ሳህን ቁርጥራጭ ጥሎብናል ብለው ነበር። ነገሩ ሲያስቸግረው የሚያምናቸውን መኮንኖች ጠራቸው። መጥተው ሲያዩት ቁርጥራጩ የብረት ማቅለጫ ጥቀርሻ መሰላቸው፤ የሰዎቹም ቃል አልተጣጣመም። ኦገስት 1 ከንጋት በፊት ወደ ጣቢያቸው ሲመለሱ የቢ-25 አውሮፕላናቸው ሞተር በእሳት ተያያዘና ኬልሶ በምትባል ከተማ አጠገብ ተከሰከሰ። አብረዋቸው የነበሩ ሁለት ሰዎች በጃንጥላ ዘለው ተረፉ፤ ዴቪድሰንና ብራውን ሞቱ። ወሬው በኋላ የፈጠራ መሆኑ ታመነበት። ሰው «ለቀልድ ነው፣ ማንን ይጎዳል?» ብሎ የሚለቀው ፈጠራ የሁለት ሰው ነፍስ የጠፋበት ጉዞ ምክንያት ሆነ።

ሴፕቴምበር 23 ቀን የአየር ኃይሉን የቁሳቁስ ዕዝ የሚመራው ጄኔራል ናታን ትዋይኒንግ ለበላዮቹ ደብዳቤ ጻፈ፤ የሚነገረው ክስተት እውነተኛ ነገር እንጂ ቅዠት ወይም ፈጠራ አይደለም፣ በሥርዓት ይጠና የሚል። በዚህ መነሻ በ1948 መጀመሪያ «ሳይን» የተባለው ፕሮጀክት ኦሃዮ ውስጥ ራይት ፊልድ ላይ ሥራ ጀመረ። ጦሩ ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አለን ሃይኔክ የሚባል የሥነ ፈለክ መምህር በአማካሪነት ቀጠረ። የአርኖልድ ሁለተኛ ጥያቄ የተጠየቀው ያኔ ነው።

የሃይኔክን ሒሳብ ማንኛውም የአንደኛ ዓመት ተማሪ በወረቀት ሊሠራው ይችላል። አርኖልድ ርቀታቸውን እስከ 40 ኪሎ ሜትር፣ ርዝመታቸውን 15 ሜትር ገደማ፣ ውፍረታቸውን ደግሞ የርዝመታቸው አንድ ሃያኛ አድርጎ ነበር የገመተው። 15 ሜትርን ለ40,000 ሜትር ስናካፍል የሚገኘው ማዕዘን የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ፣ ማለትም አንድ «ደቂቃ»፣ ከምናምን ነው። በሌላ አነጋገር ከ40 ሜትር ርቀት ላይ የተቀመጠ 15 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የኮት ቁልፍ ማለት ነው። ጤናማ ዓይን ነጥሎ የሚያየው በግምት እስከ አንድ ደቂቃ ነው። ቁልፉ መኖሩ እንደምንም ይታይ ይሆናል። በጎኑ ሲዞር ውፍረቱን ማየት ግን አይቻልም፤ ከዓይን አቅም 15 ጊዜ ያህል ያንሳል። አርኖልድ ደግሞ ውፍረቱን አይቻለሁ፣ ሲገለባበጡም አይቻለሁ ብሏል።

ስለዚህ ሦስቱ ቁጥሮች አብረው ሊቆሙ አይችሉም። ርቀቱ ልክ ከሆነ ነገሮቹ ግዙፍ መሆን አለባቸው፤ ሃይኔክ በወሰደው ጠበቅ ያለ መለኪያ እያንዳንዳቸው ወደ 600 ሜትር ርዝመት ይኖራቸዋል። ካልሆነ ደግሞ ነገሮቹ በጣም ቀርበው ነበር። ቀርበው ከነበረ ፍጥነቱም ይወድቃል፤ ምክንያቱም አርኖልድ የለካው ፍጥነት ሳይሆን በ102 ሰከንድ ከአንዱ ተራራ አቅጣጫ ወደ ሌላው የተጠረገውን ማዕዘን ነው። በ40 ኪሎ ሜትር ርቀት 2,600 የነበረው፣ በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት አራት እጥፍ ቀንሶ 650 ገደማ ይሆናል። ይህ ደግሞ በ1947 በነበሩ አውሮፕላኖች የሚደረስበት ፍጥነት ነው። ታሪክ ያደረገው ያ ትልቅ ቁጥር በሰዓቱ ላይ ሳይሆን በርቀት ግምቱ ላይ የቆመ ነበር፤ ባዶ ሰማይ ላይ የማያውቁትን ነገር ርቀት መገመት ደግሞ ለሰው ዓይን ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ነው።

ይህ ጉዳዩን ዘጋው ማለት አይደለም። አርኖልድ ሰልፉ ከአንድ አነስተኛ ጫፍ ጀርባ ሲያልፍ አይቻለሁ ብሏል፤ እንደዚያ ከሆነ ርቀቱ በተራራው ተለክቷል ማለት ነውና ግምቱ ይጠነክራል። በምርመራ ክፍሉ ውስጥም በዚህ ተከራክረዋል፤ አንደኛው ወገን ርቀቱን፣ ሌላው ወገን መጠኑን መነሻ እያደረገ ሁለት የተለያየ ፍጥነት ያወጣ ነበር። በመጨረሻ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ግን «የብርሃን ነጸብራቅ ማሳሳት»፣ ማለትም እንደ በረሃ ውኃ ያለ ነገር የሚል ነው። በኛ አስተያየት ይህ ከሁሉ ደካማው መልስ ነው። የተገኘው ውጤት «ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ» የሚል ሆኖ ሳለ መዝገቡ ባዶ እንዳይቀር መልስ ተፈለገለት።

ምርመራው በራሱ ሠራዊት ምስጢር የሚታለልበትም ጊዜ ነበር። ጃንዋሪ 7 ቀን 1948 ሻምበል ቶማስ ማንቴል የሚባል አብራሪ ኬንታኪ ላይ የታየ ነገር ሲያሳድድ ያለ ኦክስጅን ከመጠን በላይ ወጥቶ ተከሰከሰና ሞተ። መጀመሪያ የተሰጠው ማብራሪያ ቬነስ የምትባለው ፕላኔት ናት የሚል ነበር። ዛሬ ብዙዎች የሚቀበሉት መልስ ስካይሁክ የሚባል የባሕር ኃይሉ ግዙፍ ፊኛ ነበር የሚለው ነው። ፊኛው ያኔ ምስጢር ስለነበር መርማሪዎቹ አላወቁትም።

በ1952 «ብሉ ቡክ» የሚል ስም ይዞ የቀጠለውን ፕሮጀክት የመራው ሻምበል ኤድዋርድ ሩፔልት ነገሩን ለማስተካከል ብዙ ጥሯል። «በራሪ ሳህን» የሚለውን ስም ትቶ «ማንነቱ ያልታወቀ በራሪ አካል» የሚለውን አስገባ፤ ምስክሮች የሚሞሉት ወጥ ቅጽ አዘጋጀ። ያን ጊዜ ግን ከላይ ያለው ፍላጎት ተለውጦ ነበር። በጃንዋሪ 1953 የስለላ ድርጅቱ ሲ.አይ.ኤ. የሰበሰበው፣ በፊዚክስ ሊቁ ሃዋርድ ሮበርትሰን የተመራ ቡድን ለጥቂት ቀናት መዝገቦችን አይቶ፣ አደጋው በራሪዎቹ ሳይሆኑ የሪፖርቱ ጎርፍ ነው አለ፤ እውነተኛ የጠላት ጥቃት ቢመጣ የመገናኛ መስመሩ በወሬ ተጨናንቆ ያገኘናል የሚል። ስለዚህ የሕዝቡ ፍላጎት እንዲቀዘቅዝ ይደረግ ብሎ መከረ። በዚያው ዓመት የወጣው የአየር ኃይል ደንብም የጦር ሰፈሮች ለጋዜጠኛ መናገር የሚችሉት መልስ ስላገኘ ጉዳይ ብቻ እንዲሆን አዘዘ። የተፈታው ይነገራል፣ ያልተፈታው ይደበቃል። ሕዝቡ «መንግሥት የሚደብቀን ነገር አለ» ብሎ ሲጠራጠር መነሻ አልነበረውም ማለት ይከብዳል።

የዚህን ዋጋ የከፈሉት ምስክሮቹ ናቸው። አርኖልድ ገና በመጀመሪያው ወር በደረሰበት ፌዝ ተማሮ፣ ከእንግዲህ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ሲበር ባይም ቃል አልተነፍስም እስከ ማለት ደርሷል። በማርች 1966 ሚሺጋን ውስጥ በሂልስዴል ኮሌጅ ከ80 የሚበልጡ ሴት ተማሪዎች ከዶርማቸው መስኮት ሆነው ረግረጉ ላይ ብርሃን አየን አሉ፤ በዚያው ሰሞን በዴክስተር አካባቢም ሌሎች አይተዋል። ሃይኔክ ተልኮ ሄደና ለጋዜጠኞች በሰጠው መግለጫ «የረግረግ ጋዝ» ሊሆን ይችላል አለ። መላ አገሩ ሳቀ፤ ምስክሮቹ ተናደዱ፤ የሚሺጋኑ የምክር ቤት አባል ጄራልድ ፎርድ፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ ጉዳዩ በምክር ቤት ይታይ አለ። የዕለቱ መግለጫ ሃይኔክን ራሱን ሳይለውጠው አልቀረም፤ በኋላ የአየር ኃይሉን አሠራር አጥብቀው ከሚተቹት አንዱ ሆኗል።

የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በኤድዋርድ ኮንዶን መሪነት ጥናት አድርጎ ከዚህ ሥራ ለሳይንስ የሚገኝ ጥቅም የለም ካለ በኋላ ብሉ ቡክ ዲሴምበር 17 ቀን 1969 ተዘጋ። የተመዘገበው 12,618 ጉዳይ ሲሆን 701ዱ «ያልታወቀ» እንደተባለ ቀረ። ይህ 701 የሚለው ቁጥር በየቪዲዮው ይጠቀሳል፤ «አየር ኃይሉ ራሱ 701 መርከብ መኖሩን አመነ» ይባላል። ያልታወቀ ማለት ያልታወቀ ማለት ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የገባ ናሙና በቂ ስላልሆነ ውጤት ሳይሰጥ ቢቀር ናሙናው ተአምር ነው አንልም። በ2024 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ያንን ሁሉ መዝገብ እንደገና ያየበትን ሪፖርት አውጥቷል፤ ከሌላ ዓለም የመጣ ቴክኖሎጂ ለመኖሩ ማስረጃ አላገኘሁም ይላል። በዚያው መጠን ያየነው የብሉ ቡክ «የታወቀ» የሚለው ክፍልም ሁሉ ጠንካራ አይደለም፤ የአርኖልድ መዝገብ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ከሜካኒካልም ሆነ ከሲቪል የመጣን ሁላችን ሰርቬይንግ ላይ የምንማረው ነገር እዚህ ያገለግላል። ከዶርም ጣሪያ ወይም ከሱብሒ ሶላት ስትመለሱ ሰማይ ላይ የማታውቁትን ነገር ካያችሁ፣ ስልኩን ከማውጣታችሁ በፊት ሰዓቱን እስከ ደቂቃው ያዙ። የቆማችሁበትን ቦታና ነገሩ ከየትኛው ሕንፃ ወይም ዛፍ በላይ እንደታየ፣ ወዴት እንደሄደና በየት በኩል እንደጠፋ ጻፉ። መጠኑን በሜትር አትገምቱ፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ በእጃችሁ ለኩት። ጭብጥ ያለ እጅ በክንድ ርዝመት 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል፣ ትንሿ ጣት 1 ዲግሪ፣ ሙሉ ጨረቃ ደግሞ ግማሽ ዲግሪ ናት። ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠሩ። ርቀቱንና ፍጥነቱን ተዉት። ከግቢው ሌላ ጫፍ፣ ወይም ይልቁንም ከሌላ ከተማ፣ አንድ ሰው በዚያው ደቂቃ ያንኑ ጽፎ ከተገኘ ሁለቱ አቅጣጫዎች ካርታ ላይ ይሰመራሉ፤ ርቀቱ መስመሮቹ ከሚገናኙበት ነጥብ ይነበባል።